ለጋሽ ውብሸት የሠራሁት አጥሚት

ላስ ቬጋስ
ጥቅምት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዲሱ ቤት ተስማማሽ ወይ? የጋሽ ውብሸትስ ልብ እንዴት ሆነ? እኔና ሮሐ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥቅምት ገብቶም ሙቀቱ አልለቀቀንም፤ ትናንት ንፋስ የሌለበት፣ ሰማዩ አቧራ የመሰለ ቀን ነበር።

ትናንት ረቡዕ ችሎቴ ነበር። ችሎት ልበለው እንጂ ዳኛ የለበትም፤ በወረርሽኙ ምክንያትም ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል። ስልኩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ፤ ልጄ ሮሐ ከጎኔ ነበረች። መስመሩ ላይ ጠበቃዬና ዕዳዬን የሚመረምረው፣ ትረስቲ የሚሉት ሰውዬ ነበሩ። ሰውዬው አስተርጓሚ ላቅርብልሽ ወይ ሲለኝ እምቢ አልኩ። እንግሊዝኛዬ በካዚኖው ሆቴል ክፍል ሳጸዳ እንግዶች ጥለውት ከሄዱት ጋዜጣ የለቀምኩት ቢሆንም ይበቃኛል። ደግሞስ አስተርጓሚው የሚያውቀን ሰው ቢሆን ብዬ ላንቺ ፈራሁ።

አበዳሪዎቼ ተሰልፈው ያፋጥጡኛል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድም ባንክ አልመጣም። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ፤ ማንም አያየኝም፣ ግን አነሣሁ። ሰውዬው ስሜን፣ አድራሻዬን፣ ወረቀቱን አንብቤ መፈረሜን ጠየቀኝ። ቀጥሎ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የከፈልሽው ገንዘብ አለ ወይ አለኝ።

እትዬ፣ ግንቦት ላይ ደውለሽ ያልሽኝን መቼም አትረሺውም። ካዚኖው ተዘግቶ ከሥራ ወጥቼ ነበር፤ ዕዳዬን መክፈል አቃተኝ ብዬ ባንክራፕሲ ፋይል ላደርግ መሆኔንም ካንቺ አልደበቅሁም። ጋሽ ውብሸት የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነው፣ ያበደርኩሽን ሰባት ሺህ ዶላር አሁኑኑ መልሺ አልሽኝ። «እኔ እህትሽ ነኝ፤ ባንኩ አይርበውም። መጀመሪያ ለኔ ስጪኝ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ክሰሪ» አልሽ። የጡረታ ቁጠባዬን አውጥቼ ሰጠሁሽ። ጠበቃዬ በኋላ ሲሰማ ራሱን ያዘ። እዚያው ቢቀመጥ ማንም አይነካብሽም ነበር፣ ለዘመድ ከሰጠሽው ግን ተመለስ ይሉታል አለኝ። ይህንን ስነግርሽ ደግሞ፣ «በስልክ አይደለ እንዴ? ፊትሽን አያዩም። የለም በይ» አልሽኝ።

ሰውዬው መልሴን ይጠብቅ ነበር። ሮሐ ቀና ብላ አየችኝ። «አለ» አልኩ። ስምሽን ተናገርኩ። ባሏ ደረታቸው ተከፍቶ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነው፣ እባክህ ተዋት ብዬ ለመንኩት። ሰውዬው በትህትና አዝናለሁ አለኝ፤ ገንዘቡን እንድትመልሺ ደብዳቤ ይጽፍልሻል። ሁሉም ነገር ዐሥር ደቂቃ አልሞላም።

ስልኩ ሲዘጋ አለቀስኩ። በሽተኛ በተኛበት ቤት ላይ እሳት የለኮስኩ መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። አጥሚት ሠራሁ፣ ማር ጨመርኩበት፣ ፔርሙዝ ውስጥ ገለበጥኩት። ይቅርታ ልጠይቅሽ ወደ አዲሱ ሰፈርሽ ወደ አሊያንቴ ነዳሁ። ደረጃ ስለከበዳቸው ተዛወርን ያልሽኝ ቤት ባለ ፎቅ ነው። መንገድ ማዶ ፓርክ አደረግሁ። ጋሽ ውብሸት ሸሚዛቸውን አውልቀው ሶፋ ከጭነት መኪና ላይ ለብቻቸው ያወርዱ ነበር። ደረታቸው ላይ ፀሐይ አርፋበት ነበር፤ እንደ ሕፃን ደረት ንጹሕ፣ አንድ ጭረት እንኳ የሌለበት። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ግድግዳውን እንዳይነኩት ትነግሪያቸው ነበር፤ እየሳቅሽ።

ከመኪናዬ አልወረድኩም። አጥሚቱን ይዤው ተመለስኩ፤ ሮሐ ጠጣችው። እኔ ፔርሙዙን አጠብኩ፣ ደፍቼ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ከላይ ስለ ጋሽ ውብሸት ልብ ለጠየቅሁሽ መልስ አያስፈልገኝም። የሰውዬው ደብዳቤ ሲደርስሽ ሳትከፍቺ እንዳትጥይው። ጤናቸውን ያጽናላችሁ፤ አዲሱንም ቤት የሰላም ያድርግላችሁ።

ታናሽ እህትሽ