በየቀኑ ይጎብኙን፦ ዜሮ መኪና ስለተቆጠረበት መንገዳችን

ለተከበሩ የሰፈራችን የምክር ቤት ተወካይ፣
የማኅበረሰብ ደህንነትና የአካባቢ ፍላጎት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎና የደም ግፊትዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስለ አንገትዎ ግን አልሰጋም፣ መንገድ ሲሻገሩ ግራና ቀኝ ማየት የማያስፈልግዎ ሰው ስለሆኑ አንገትዎ እስካሁን እንደ አዲስ መሆን አለበት።

እኔ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምጽፍልዎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በርና በዳቦ ቤቱ መካከል ስላለው መሻገሪያ ነው። ቀደም ሲል በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በሥራ ብዛት የተነሳ እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ ስለቀሩ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ ቢያነበው ምናልባት ከሰው ሁሉ አንዱ እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ነው በግልጽ የጻፍኩት።

በቅድሚያ ታላቅ ወንድሜን ላስተዋውቅዎ። ሰፈሩ «ግሪሱ» ይለው ነበር። ከመሻገሪያው ጎን ብስክሌት ይጠግን ስለነበር፣ እጁን ንጹህ ሆኖ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው ታናሽ እህታችን ተወልዳ እንዲያቅፋት የተፈቀደለት ቀን ነው፣ ሁለተኛውን እዚህ አልጽፈውም። ጠዋትና ቀትር ላይ ሥራውን ጥሎ ይነሳና ያንን ጥቁር እጁን ወደ ላይ አንስቶ መኪና እያስቆመ ሕጻናቱን ያሻግር ነበር። ማንም አልቀጠረውም። ሾፌሮቹ «አንተ ቅባታም፣ ትራፊክ ነህ እንዴ?» ሲሉት፣ «ትራፊክማ ብሆን ይሄኔ ሁላችሁም እግረኛ ነበራችሁ» ይላቸው ነበር። የዛሬ አምስት ወር ልጆቹን አሻግሮ ሲመለስ አንድ አሸዋ የጫነ መኪና ሳይቆምለት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚያሻግር ሰው የለም። እኛም የለመንንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ቁመቱ ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ።

ይህን ተከትሎ ኮሚቴዎ ያደረገልንን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፊሽካዎቹ እናመሰግናለን። የአካባቢያችን ፍላጎት በተሰበሰበበት ስብሰባ ላይ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ተነስታ «ልጆቹ እኮ ነፍሳቸውን ለማዳን በሩጫ ነው የሚያቋርጡት» ብትል፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዎ በጥሞና መዝግበው ጉዳዩን ለስፖርት ክፍል መሩልን። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ካርቶን ፊሽካና አንድ የሩጫ መለኪያ ሰዓት ደረሰን። ሰዓቱ ጠቅሞናል፤ «ቁንጫ» የምንለው የአራተኛ ክፍል ልጅ አሁን መንገዱን በሦስት ሰከንድ ተኩል ያቋርጣል፣ ወደ ሦስት ለማውረድም በትጋት ላይ ነው። ፊሽካዎቹን ግን ርዕሰ መምህርቷ «ልጆቹን መኪና ሳይገድላቸው እኔን ራስ ምታት ሊገድለኝ ነው» ብለው በማግስቱ ሰብስበው ቆልፈውባቸዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ወንድሜ ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከቢሮዎ ደብዳቤ መጣለት፤ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎቱ የምስክር ወረቀት ስለተዘጋጀ በአካል ቀርቦ እንዲወስድ ይላል፣ መቅረት እንደማይቻልም ከሥሩ ተሰምሮበታል። እናቴ ከምትሠራበት የልብስ ንጽህና ቤት ግማሽ ቀን አስፈቅዳ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ነው፤ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ አንሰጥም» አላት። ሞቷል አለችው። ከልቡ አዝኖ፣ ብድግ ብሎ «ነፍስ ይማር» ካላት በኋላ ተመልሶ ተቀመጠና «እንግዲያውስ ውክልና ይስጥዎት» አላት። እናቴም «ልጄ፣ እሱ እዚህ ድረስ መምጣት ቢችልማ በር ቆልፌበት ሳየው እውል ነበር እንጂ እናንተ ጋ አልልከውም» ብላው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ስለደረሱን፣ ወንድሜ እስካሁን ባለመቅረቡ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛውና ትልቁ ውለታዎ ቆጠራው ነው። ጉብታ ከመሠራቱ በፊት በመንገዱ ስንት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍ ይቆጠር ተባለ፤ ትክክል ነው። ቆጠራውን እርስዎ በአካል ተገኝተው እንዲያስጀምሩት ተወሰነ፤ ይህም ትክክል ነው። እርስዎ ስለሚመጡ ደግሞ፣ ለደህንነትዎ ሲባል፣ መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ከንጋት እስከ ቀትር ተዘጋ። ሁለቱ ቆጣሪዎች ታጣፊ ወንበር ዘርግተው፣ ጃንጥላ ተክለው፣ ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ባዶውን አስፋልት አምስት ሰዓት ሙሉ ቆጠሩ። ቀርቤ ለማስረዳት ብሞክር አንደኛው «ልጅ፣ አታዘናጋን፣ ቁጥሩ ይጠፋብናል» አለኝ። የተለጠፈውን ውጤት በእጄ ገልብጬዋለሁ፦ ተሽከርካሪ፣ ዜሮ፤ ልዩ ልዩ፣ አንድ ውሻ፣ ሁለት ጊዜ። እርስዎና አጃቢዎችዎ የመጡባቸው አራት መኪኖች ለምን እንዳልተቆጠሩ ስጠይቅ እንግዳ አይቆጠርም ተባልኩ።

ውሳኔው በሳምንቱ ደረሰን። መንገዱ ከተሽከርካሪ ነጻ ሆኖ ስለተገኘ ጉብታ አያስፈልገውም፤ ይልቁንም እንዲህ ያለ ደህና አስፋልት ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ስለሚያስቆጭ፣ አሽከርካሪዎች በብዛት እንዲጠቀሙበት ቅስቀሳ ይደረጋል ይላል። ክቡር ሆይ፣ ቅስቀሳው ተሳክቷል። ከሌላው ሰፈር ሳይቀር እየመጡ ነው።

አልዋሽዎትም፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ኮሚቴዎ ሳያውቀው አንድ ትልቅ ግኝት ላይ መድረሱን ተረዳሁ። በእነዚህ አምስት ወራት ውስጥ እናቴ የታናሽ እህቴን እጅ መንገድ ላይ የለቀቀችው መንገዱ ለእርስዎ በተዘጋበት ቀን ብቻ ነው። እህቴ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ናት። ያን ቀን አስፋልቱ መሃል ቁጭ አለችና የጫማዋን ክር ፈታ ማሰር ጀመረች፤ አዲስ የተማረችው ስለሆነ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ማንም ጥሩምባ አልነፋባትም። እኛም ዳር ቆመን ጠበቅናት።

ስለዚህ ጉብታውን ትተን አዲስ ማመልከቻ እናቀርባለን፦ እባክዎን በየቀኑ ይጎብኙን። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት፣ ቀትር ላይ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሲሆን ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቅ ቢሉ ይበቃናል። ንግግር አይጠበቅብዎትም፤ ከመኪናዎ ባይወርዱም፣ እዚያው ቢያንቀላፉም ቅር አይለንም። የሚመረቅ ነገር ካስፈለገ ሪባን አለን፤ የክፍሌ ልጆች እርስዎ በቆረጡት ቁጥር መልሰው ለመስፋት ተራ ገብተዋል። ዓርብ ዓርብ ጭብጨባ እንጨምራለን። አንድ ቀን ጉብታ የሠሩልን እንደሆነ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ነጻ ይወጣሉ።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። እስካሁን እህቴን ቀትር ላይ የማሻግራት እኔ ነበርኩ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ክፍላችን ወደ ከሰዓት ፈረቃ ይዛወራል፤ እሷ ከትምህርት ቤቷ ስትወጣ እኔ ክፍል ገብቼ ስም እየተጠራብኝ ነው፣ እናቴም ካውያ ላይ ናት። እህቴ ብቻዋን ትሻገራለች ማለት ነው። ቁንጫ ሊያሠለጥናት ቃል ገብቶልኛል፣ ነገር ግን እግሯ አጭር ነው፣ እስካሁን ከስድስት ሰከንድ በታች አልወረደችም።

ለእኛ ሲሉ ከሚያጡት እንቅልፍ ላይ ይህን ለማንበብ ስለቀነሱልን እያመሰገንኩ፣ ከዳቦ ቤቱ ወረፋ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥርና ካልተቆጠሩት መኪኖች ሁሉ ጋር ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ጎንበስ ያልኩት ግን የእግረኛ መንገዱ ላይ ሆኜ ነው።

የግሪሱ ታናሽ ወንድም፣
አስረኛ ክፍል ሐ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ በር፣
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለሚመለከተው ሁሉ፤ የሚመለከተው ካልተገኘ ለአላፊ አግዳሚው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ላሽገው ስል፣ ዛሬ ጠዋት ሠራተኞች ዶማና ሲሚንቶ ጭነው መሻገሪያው ጋ ደረሱ። የጻፍኩትን ሁሉ ልቀደው ነበር። እናቴ ውሃ በጆግ ቀድታ ሮጠችላቸው፣ እኔም አካፋ ተቀብዬ አፈሩን ሳወጣ አረፈድኩ። ቀትር ሲሆን ሁለት ምሰሶ ቆመ፣ በላዩም የቤታችንን በር የሚያህል የእርስዎ ፎቶ ተሰቀለ፤ ከሥሩ «ለልጆቻችን ደህንነት ሁሌም ንቁ ነን» ይላል። እህቴ አንጋጣ ብዙ ካየችው በኋላ፣ ይሄ ሰውዬ የሚያየው መኪናውን ነው ወይስ እኛን ብላ ጠየቀችኝ። ካሜራውን ነው አልኳት።