ለመመለስ የግራውን ቀስት ይጫኑ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፣ የቤታችን ምሰሶና የኩርፊያችን ሁሉ ዳኛ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽ ልብስ ሰፊውስ፣ አሁንም መርፌውን በአፉ ይዞ ነው የሚከራከረው? ታናሻችን ሹፌሩስ ከመኪናው ጋር ታረቀ? የእማዬን ዓይን በዚህ መሀል ደባልቄ አልጠይቅም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ እደርስበታለሁ። እኔ፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ የደብዳቤ ወጉ ስለሆነ ነው፤ ደህና አለመሆኔን ከሥር በዝርዝር ታገኚዋለሽ።

የላክሽልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሐኪሙ የእማዬ ዓይን ክረምቱ ሳይወጣ ይጨልማል ማለቱን፣ እሷም «የዚያን ልጅ ፊት አንዴ ልየውና ከዚያ እንደፈለገው ይጥፋ» ማለቷን። ድምፄን ትስማ ብዬ የላክሁላትን፣ በሥራዬ የቀረጽሁትን ትምህርት ስታሰሚያት ደግሞ «ይጫኑ፣ ይጫኑ የሚለው ምንድነው? ነጋዴ ሆነ እንዴ? አጋሰሱስ የታለ?» ብላ ጎረቤቱን ማሳቋን ጽፈሽልኛል። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ «ለመመለስ የግራውን ቀስት ይጫኑ» የሚለው ሲመጣ «እንግዲያ ለመመለስ ቀስት መጫን ብቻ ከሆነ ምን ይጠብቃል?» አለች ያልሽው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ተቋረጠ። ይህ ደብዳቤ ለእሷ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱ አያምርም።

መጀመሪያ ሥራዬን በቅጡ ላስረዳሽ፤ ሰው ሲጠይቅሽ «ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው» ብለሽ እንደምትገላገዪ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤታችን ሰው ይበዛዋል፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው ግን በአንድ ፕሮግራም ነው። እኔ ያንን ፕሮግራም ለሌላው ሠራተኛ አስተምራለሁ። ሰው ፊት ቆሜ አይደለም። ኮምፒውተሬን ከፍቼ አንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራለሁ፤ መቅረጫው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ፣ ቀስቷ የሄደችበትን ሁሉ ይቀርጻል፤ እኔ ከላይ «አሁን እዚህ ይጫኑ» እላለሁ። በኋላ ተማሪው ሲከፍተው ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔ የተጫንሁበትን ቦታ ከተጫነ ትምህርቱ ይቀጥላል። ጣት ታህል እልፍ ካለ «ተሳስተዋል፤ እንደገና ይሞክሩ» ይለዋል፣ በእኔው ድምፅ። ስንቱን የተከበረ አባወራ በቀን ስንቴ እንደማዋርድ አትጠይቂኝ። ፊቴ የትም የለም። ቀስትና ድምፅ ብቻ ነኝ፤ መንፈስ ለመሆን የቀረኝ መሞት ነው።

የምቀርጽበት ክፍል ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል፤ በገባሁ ቁጥር ልፈለፈል የተቀመጥሁ ይመስለኛል። ቬንቲሌተሩ ስለሚጮህ ቀረጻ ሲጀመር ይጠፋል፣ እኔ እቀልጣለሁ። ከግድግዳው ጀርባ መጸዳጃ ቤት ነው። ሰባተኛው ትምህርት ላይ «መረጃዎ በሚገባ ተቀምጧል» እንዳልሁ ውሃው ሲለቀቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። አለቃዬ አዳምጦ «እስቲ ተወው፣ ውሸት የለበትም» አለ። ያለ «እስቲ» አፉን ስለማይከፍት ስሙንም እስቲ ብለነዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግነቱ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ጉዴን ስሚ። አሥራ ሁለተኛው ትምህርት «የዓመት ፈቃድ አጠያየቅ» ይባላል። ቅጹ ላይ ስም መሞላት አለበት፤ የሌላ ሠራተኛ ስም መጠቀም ክልክል ነው፣ የፈጠራ ስም ደግሞ ፕሮግራሙ አላውቀውም ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ የራሴን ሞላሁ። «ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ፤ እዚያም፣ እጄ አመጣው፣ «እናቴን ለማየት» ብዬ ጻፍሁ። መጨረሻ ላይ «ላክ» የሚለውን በቀስቴ አሳያለሁ እንጂ አልጫነውም፤ ጥያቄው የምር ሆኖ እንዳይሄድ «ሰርዝ»ን ተጭኜ እወጣለሁ። ጥንቁቅ ነበርሁ፣ እትዬ። ጥንቃቄዬ ነው ጉድጓዴን የቆፈረው።

ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች አርፈው አይቀመጡማ። በቀኝ የነበረው ቁልፍ በወሩ ወደ ግራ ይሻገራል፤ አረንጓዴው ሰማያዊ ይሆናል። ተማሪው የድሮውን ቦታ እየተጫነ እንዳይሳሳት ትምህርቱ ሁሉ እንደ አዲስ ይቀረጻል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው የእኛ ቤት ታይቶ ነው። በዚያ ላይ አንዴ ያስነጥሰኛል፣ አንዴ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ ይለቀቃል፣ ሌላ ጊዜ ድምፄ ይሻክራል፣ እደግማለሁ። በደገምሁ ቁጥር እናቴን ለማየት እጠይቃለሁ፤ በደገምሁ ቁጥር እሰርዛለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት ጠዋት የምሬን ሞላሁ። ያው ስም፣ ያው ምክንያት። «ላክ» ላይ ስደርስ ቀስቴ እንደ ልማዷ ወደ «ሰርዝ» ሄደች፣ መለስኋት፤ ያን ሁሉ ሰው ተጫኑት ስል ስኖር ለካ እኔ ተጭኜው አላውቅም። መልሱ ከዓይን ጥቅሻ ፈጠነ፤ «ጥያቄዎ የልምምድ ጥያቄ ስለሆነ ተዘግቷል።» የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ ዘንድ ሮጥሁ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ፋይሌን አየችና «የኔ ወንድም፣ አርባ ሦስት ጊዜ እናትህን ለማየት ጠይቀህ አርባ ሦስቴም ሐሳብህን ለውጠሃል። ማሽን ቢሆንም ይታዘባል እኮ» አለችኝ። ለማስተማሪያ መሆኑን ነገርኋት። «አጣሁት ብለህ ነው? ግን ማሽኑ አንዴ የዘጋውን እኔ መክፈት አልችልም። እኔም ካንተው ነው የተማርኩት፤ ባለፈው ወር ሄጄ እናቴን ያየሁት ባንተ ትምህርት ነው፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብላ ከመሳቢያዋ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ። በላሁት። ምን ላድርገው።

ወደ እስቲ ወጣሁ። «እስቲ በወረቀት ልፍቀድልህ» አለ፤ ትንሽ አሰበና «እስቲ ቆይ» አለ። ወረቀቱን በሩ ላይ ያለው ማሽን አያነበውም፤ እሱ የሚያውቀው የመግቢያ ካርዴ አለመታየቱን ብቻ ነው፣ በአምስተኛው ቀን፣ እኔ ገና መንገድ ላይ ሳለሁ፣ ከሥራ ያሰናብተኛል። ከተሰናበትሁ የእማዬ የዓይን ጠብታ ከየት ይመጣል? እሱ ባይኖር እኮ ይቺን የቀረቻትንም ብርሃን አታያትም ነበር። ሊያያት የሚሄደው ልጅ ማያዋን ይዞባት ይሄዳል ማለት ነው። ተስፋ ስቆርጥ መልቀቂያ ልጠይቅ ብዬም ሞከርሁ፤ መልቀቂያ የሚጠየቀው በዚያው ቅጽ ነው፣ እሱንም ልምምድ ነው ብሎ ዘጋው። ይህ ማሽን ማባረር እንጂ መልቀቅ አልተማረም። ያላስተማርሁት እኔ ነኝ።

የተበላሸ ፋይል የሚታረምበት መንገድ የለም ወይ ትይኝ ይሆናል። አለ። በሚመጣው ፕሮግራም «እርማት» የሚባል አዲስ ገጽ ይኖራል። አዲሱ ፕሮግራም የሚከፈተው ግን የገጾቹ ሁሉ ትምህርት ተቀርጾ ሲያልቅ ነው። ቀራጩ ማን ነው? ወንድምሽ። ስንት ቀረው? ስልሳ አንድ። መቼ ያልቃል? እስቲን ጠየቅሁት፤ «እስቲ ለሚመጣው ዓመት» አለ። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ በስንት ጣዕሙ፣ ላሚቱ እንኳ የራሱ ናት።

እንግዲህ እማዬ ምን ይጠብቃል ላለችው፣ ቀስቱን ተጭኖታል በያት። አርባ አራት ጊዜ። አጋሰሱስ የታለ ላለችውም እሱ ራሱ ነው በያት፤ በዚያ አልተሳሳተችም።

አሁን ሰላምታ። ለልብስ ሰፊው፣ መርፌውን ከአፉ ካወጣ በኋላ፣ ሰላም በይልኝ፤ የሰፋልኝ ኮት አሁንም አንዱ ትከሻው ከአንዱ ይበልጣል፣ ግን ይሞቃል። ለአክስታችን፣ የጻፍሁትን ሁሉ ከአንቺ ቀድማ ለምታነበው፣ እንደምን አሉ ብያለሁ። ሚስት አግኝቼልሃለሁ ስትል ለከረመችው ለጎረቤታችን፣ ልጅቷን በከንቱ አታስጠብቃት በይልኝ። ለታናሻችን ለሹፌሩ ሰላምታም ሥራም አለኝ፤ ጢሙን ይላጭ። ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

ለእማዬ ሰላምታ አልጽፍም። ትምህርት ነው የምጽፍላት፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም፣ አንቺ አስተምሪልኝ። ብርሃኑ ጨርሶ የሄደ ዕለት ሹፌሩን ከፊቷ አስቀምጪው፤ ሰው ሁሉ ቁርጥ እኔን ነው ይለው የለ። ትንፍሽ እንዳይል። እጇን ያዢና ግንባሩ ላይ አድርጊው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው አውርጂው፣ ከዚያ ጉንጩን። እንደማትታለል አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ከበሩ ጋር ተጋጭቼ ያተረፍኋትን የቅንድቤን ጠባሳ ትፈልጋለች፤ እሱ ላይ ጠባሳዋ የለችም። እጇ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ይጠብቃል። ያን ጊዜ አደራሽን፣ እትዬ፣ ተሳስተሻል እንዳትያት። እንደገና ሞክሪም አትበያት። የትም ትንካ፣ «እሱ ነው፣ እዚያው ነው» በያት።

ወንድምሽ

ከእንቁላል ካርቶኑ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን