የአርባ አንድ ቁጥርን ስም ስለቆለፈው ኮምፒውተር

ለጊዜያዊ የሕክምና ጣቢያዎች የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ነሐሴ 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ይህ ክረምት እርስዎንና ቤተሰብዎን ሳይነካ እንዲያልፍ፣ የሚጠጡት ውኃም ሁልጊዜ የፈላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ሾላ አጠገብ በትምህርት ቤት ግቢ በተተከሉት የአተት ድንኳኖች በር ላይ ሕመምተኛ የምመዘግበው ጵርስቅላ ቀጀላ ነኝ።

አንደኛ፣ የመዝገብ ደብተሮቻችንን ሰብስበው በምትኩ ኮምፒውተር ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በትእዛዝዎ መሠረት ስም ወደ ኮምፒውተሩ ገባ፤ በሕመምተኛው እጅ ላይ ቁጥር ብቻ ታሰረ። እሑድ ዕለት አቶ ወልደ ኢየሱስ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ጎረቤቶቻቸው ተሸክመዋቸው፣ ከእንጦጦ ወረዱ። በዚያ ቀን ሰባ ሰው ስለመዘገብኩ መልካቸውን እንኳ አላስታውስም።

ሁለተኛ፣ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉ ጊዜ አልፎበታል ብሎ ተቆለፈ። ስደውል ሠራተኛዎ ጥያቄዬን በኢሜይል እንዳቀርብ በትሕትና ነገረኝ፤ ኢሜይል የምልከው ከዚያው ከተቆለፈው ኮምፒውተር መሆኑን ስገልጽለትም፣ “ገባኝ እህቴ፣ አሠራሩ ግን እንደዚያ ነው” አለኝ። ማክሰኞ መገናኛ ድረስ በአካል ብመጣ፣ የመክፈት ሥልጣን ያለው ባለሙያ የፈጣን ምላሽ ሥልጠና ላይ ነበር። ሥልጠናው በሰላም እንደተጠናቀቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሚቀጥለው ቅሬታ ይሁን ሌላ ነገር እኔም አላውቅም። ሰኞ ረፋድ ላይ የአቶ ወልደ ኢየሱስ ባለቤት ወይዘሮ አሳየች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጠያቂ መግባት ስለተከለከለ ተስፋቸው የእኔ መዝገብ ብቻ ነበር። “ልጄ፣ እዚህ ናቸው ወይስ ሌላ ቦታ ወሰዳችኋቸው?” ሲሉኝ፣ የተቆለፈውን ስክሪን እያየሁ “ትንሽ ይታገሱኝ፣ እማማ” አልኳቸው። ነርሷ ናዝሬት በየድንኳኑ ስማቸውን እየጠራች ዞረች፤ የመለሰ የለም። ሕመሙ ድምፃቸውን እንደዘጋው ያወቅነው ኋላ ነው። እማማ አሳየች ሁለት ቀን ዝናብ እየወረደባቸው በሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም ለክፍልዎ ስደውልና ስመላለስ ዋልኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ረቡዕ ጠዋት ደንቡን ጥሼ እማማን እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ሦስተኛው ድንኳን ውስጥ፣ እማማ ከተቀመጡበት በር ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቀው፣ አርባ አንድ ቁጥር የታሰረላቸው ሰው ሊነጋጋ ሲል አርፈው ነበር። ፊታቸው ገና ሳይገለጥ እማማ በእግራቸው ለዩዋቸው።

ኮምፒውተሩ ዓርብ ተከፈተ። ስማቸው አንድ ፊደል ሳይጎድል ተቀምጧል፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ምን እንዲያደርጉልኝ እንደምለምንዎ ብዙ አሰብኩ፤ አላገኘሁም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለክፍልዎ ታላቅ ትጋት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ጵርስቅላ ቀጀላ

ተጨማሪ፦ እሑድ እማማ አሳየች ቤት ለቅሶ ደርሼ ነበር። አልወቀሱኝም። “በመጨረሻ ምን አሉ?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ናዝሬት እንደነገረችኝ፣ አቶ ወልደ ኢየሱስ እጃቸውን ደጋግመው ወደ ግቢው በር ይዘረጉ ነበር፤ እሷም አየር የፈለጉ መስሏት የድንኳኑን መጋረጃ ገለጠችላቸው። ይህን ለእማማ መንገር አልቻልኩም። በፕሮግራምዎ ውስጥም የምሞላበት ቦታ አጣሁ። ስለዚህ እርስዎ ይያዙልኝ።