አሥራ አንዱን መጻሕፍት ስላለመመለሴ

ለተከበሩ የማሳተሚያ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንዲፈጩ የታዘዙ አሥራ አንድ መጻሕፍትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ዐይንዎ እንዴት ነው? ዐይንዎን ለይቼ የምጠይቀው፣ ድርጅትዎ ያወጣውን በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ እርስዎ ራስዎ ገልጠው አይተውት ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ባልተገደድኩ ነበር ብዬ ስለማምን ነው። ረጅም ዕድሜም እመኝልዎታለሁ፤ ያስነቀሉትን ማተሚያ መሣሪያ አንድ ቀን መልሰው ለመግጠም ዕድሜ ያስፈልግዎታል።

እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከጫማ አዳሹ ጎን ያለችው የመጻሕፍት ሱቅ ባለቤት ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼባታለሁ። የዋለውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሬ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሰው ነገር ሁሉ ቀን አለው። አዲስ ነገር የሚያስበረግገኝ ሰውም አይደለሁም፤ የሱቄ አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የስልክ ቻርጀርና መሸፈኛ ነው፤ ዐይነ ስውሩ ጎረቤቴ ስልኩ መጽሐፍ ሲያነብለት ሰምቼም ደስ ብሎኛል። ስለዚህ «ወረቀት ሻጭ ስለ ወረቀት ቢያለቅስ ምን ይገርማል» ብለው ደብዳቤውን ወደ ጎን ከማድረግዎ በፊት፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። ደብተሬ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ። ሥራ አስኪያጁ በስልክ መጻሕፍቱ ምረቃ ላይ ‹ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ አያልቅም፣ አይቀደድም፣ አይጠፋም› አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠው የድርጅቱ አሮጌ ጠራዥ ‹እኛስ?› አለ። የሰማው እኔ ብቻ ነኝ።»

፪. ስለ ፍጥነትዎም እንዲሁ። አንዲት አዋላጅ የአርባ ዓመት ልምዳቸውን ያሰፈሩበት መጽሐፍ ወደ ስልክ የገባው በአንድ ቀን መሆኑን በኩራት ነግረውናል። እንዴት በአንድ ቀን እንደተቻለ ግን አልነገሩንም፤ እኔ ጠይቄ ደርሼበታለሁ። የተጠረዘን መጽሐፍ ገጽ እያነበበ ወደ ስልክ በሚያስገባው ማሽን ላይ ለማስነበብ ገጹን አንድ በአንድ መግለጥ ያስፈልጋል፤ አድካሚ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ግን ያልተጠረዘ፣ በልቅ ወረቀት የተቀመጠ አንድ ቅጂ ተገኘ። ሠራተኛዎ እሱን ክምር አድርጎ ማሽኑ አፍ ላይ አስቀመጠው፤ ማሽኑም በላው። ልቅ የሆነው ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የእርማት ቅጂው ነበር፤ አራሚው በቀይ እስክሪብቶ ሲሰርዝበት፣ አዋላጇ ደግሞ በገጹ ኅዳግ ላይ ሲመልሱለት የከረሙበት።

፫. ስለ ገጽ ስልሳ አራት ልዩ ምስጋና አለኝ። በታተመው መጽሐፍ እዚያ ገጽ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ «ልጁ ከተወለደ በኋላ ደሙ አልቆም ካለ፣ ምንም ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷት።» አራሚው ያን ጊዜ «አንባቢ ያስፈራል» ብሎ በቀይ ሰርዟት ነበር። አዋላጇ ግን በኅዳጉ ላይ፣ እንደ ማኅተም ጥርት ባለው እጅ ጽሑፋቸው፣ «ይቆይ! አንተ ልጅ፣ ወልደህ ታውቃለህ? ፈርታ ብትድን ይሻላታል» ብለው ጻፉ፤ መስመሯም በክብር ታተመች። የእርስዎ ማሽን የተሰረዘውን ማንበብ አልቻለም፤ ዘለለው። የኅዳጉን ግን አሳምሮ አነበበ። ስለዚህ ዛሬ ከሐኪም ቤት ርቃ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ሲከፍት፣ ደም ሲፈስ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው መስመር የለም፤ በቦታው «አንተ ልጅ፣ ወልደህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ይህን ያየሁት እኔ አይደለሁም። ከሩቅ ጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ናት። «ጋሼ፣ ሠልጣኞቼ በዚህ ገጽ እየሳቁ ነው፤ ምን የሚሉት ቀልድ ነው?» ብላ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። የወረቀቱን አውጥቼ ጎን ለጎን አየን። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

፬. ስለ መስተንግዶዎ። በስልኩ መተግበሪያ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቴም «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ ከነአበባ ሥዕሉ ደረሰኝ። ሐሙስ ዕለት ቢሮዎ መጣሁ። ባለሙያዎ በትሕትና ተቀበለኝ፤ «ጋሼ፣ ስህተት የለውም እኮ፤ ፋይሉ ላይ ያለው ይኸው ነው» አለኝ። ከንጹሑ፣ ከታተመው ቅጂ ጋር አስተያዩት አልኩት። «ንጹሑማ ተፈጭቷል» አለኝ። ቦታ ለማስለቀቅ ይመስለኛል፤ የማይጠፋ መጽሐፍ ስላለን።

፭. በመጨረሻም ስለ መመሪያዎ። የስልኩ ቅጂ ሕጋዊው ቅጂ ስለሆነ፣ በየሱቁ የቀሩት ወረቀቶች ተሰብስበው ወደ ወረቀት መፍጫ እንዲሄዱ አዘዋል። በእኔ እጅ ከአዋላጇ መጽሐፍ አሥራ አንድ አሉ። ጠያይቄ እንዳረጋገጥኩት በሌላ ሱቅ አንድም የለም፤ ሁሉም ታዛዥ ነው። እኔ አልመልስም።

እትዬ አዋላጇ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የሁለቱንም ልጆቼን እትብት የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ዐይናቸው ስለደከመ የስልኩን ገጽ እኔ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ በራሳቸው ቁጣ ሳቁ። ቀጥለው «መስመሯስ?» አሉ። የለችም አልኳቸው። «ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ የተጣላሁላት። አሁን ማን ይጣላላታል?» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ ይህን ደብዳቤ የእሳቸው ኅዳግ አድርገው ይቁጠሩት።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ባለሙያዎ እንደነገረኝ ስልክ ላይ ያለን መስመር ማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ወረቀት ያልነበረው ትልቅ ጸጋ ይህ ነው፤ እባክዎ ይጠቀሙበት። ማሽንዎን ይዘው ይምጡ፤ ጠረጴዛዬን አጸዳለሁ፤ ቡናም ሻይም እጋብዛለሁ። መጽሐፉ ግን ከሱቄ ደጃፍ አይወጣም፤ ወደ እርስዎ ግቢ ገብቶ የተመለሰ ወረቀት እስካሁን አላየሁምና።

ለማይጠፋው መጽሐፍዎ የጠፋችውን መስመር፣ ለእርስዎም እርሷን የሚያነቡበት ፋታ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የታዛዦች ሁሉ የመጨረሻው፣
የአውቶቡስ ማቆሚያው መጽሐፍ ሻጭ

ግልባጭ፦
ለአሮጌው ጠራዥ፣ «እኛስ?» ላለው

ከፊርማ በኋላ የመጣ፦ ይህን ፈርሜ ፖስታውን ሳላሽግ ሾፌርዎ መኪናውን ከጫማ አዳሹ ፊት አቁሞ ገባ። ልጅዎ ወሯ መግባቱን ከእሱ ሰማሁ፤ በሰላም ያገላግላት። «ጋሼ፣ የአዋላጇን መጽሐፍ» አለኝ። በስልክ አለ አይደለም ወይ ስለው፣ «አለቃዬ ‹የወረቀቱን አምጣ፣ የስልኩን እንዳታምነው› ብለውኛል» አለ። ሰጠሁት፤ ያልተወለደ ሕፃን በአያቱ መመሪያ አይቀጣም። ስለዚህ በእጄ ያሉት አሥር ብቻ ናቸው፤ አሥራ አንደኛው እርስዎ ቤት ነው። ገጽ ስልሳ አራትን ለመገልበጥ ከእንግዲህ እኔ ድረስ መምጣት አያስፈልግዎትም። በመመሪያው መሠረት መፈጨቱ ግድ ከሆነም፣ እባክዎ መጀመሪያ ልጅዎ ትገላገል።