ለሟች የተፈቀደ ብድር

ይድረስ ለእትዬ፣ እናታችንን ለምታስታምሚልኝ። እንደምን ከርመሻል? ያ ደረጃ መውጣት የከለከለሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ እያልሽ ታታልዪዋለሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ሳሉ ለቀቀው? የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? ምግብ ትቀምሳለች? እኔና ትንሿ ልጄ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ግን ሙሉ ለሙሉ አትመኚኝ፤ ሰሞኑን የደረሰብኝን ስትሰሚ መጀመሪያ ትስቂያለሽ፣ ኋላ ታለቅሺያለሽ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን አዛውንቶች ቤት ለቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። እስከ ዛሬ በአውቶቡስ ነበር የምዞረው። ባለፈው ወር አለቃዬ ጠርታ፣ አዲሶቹ ታማሚዎች ከተማው ዳር ስለሆኑ መኪና የሌለው ሠራተኛ ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንደማይቀጥል ነገረችኝ። ዕዳ ከሜዳ አይደል? የቤት ኪራዩም የልጄም ጉርስ ከዚህችው ሥራ ነው። መንዳቱንስ እችላለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እየጮኸብኝም ቢሆን አስተምሮኛል። መኪናውን የምገዛበት ነው የጠፋኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ባንክ ነው። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ያቺን ለቁም ነገር የማስቀምጣትን ጃኬት ለብሼ። ብድር ክፍል ያለችው ልጅ ስሜን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችና ቀና ብላ አየችኝ። በስሜ ምንም የለም አለችኝ። እኔማ ደስ አለኝ! የማንም ዕዳ የለብኝም፣ ተመስገን አልኳት። ችግሩ እሱ ነው አለችኝ፤ ተበድሬ የመለስኩት ነገር ስለሌለ እከፍል አልከፍል እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ወይ ጉድ! ሳይበደር የኖረ ሰው እንደ ቀማኛ የሚታይበት ዘመን ደረሰልሽ።

ከዚያ አሮጌ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ሻጩን የሥራ ጓደኞቼ ማር ምላስ ይሉታል፤ መጥፎ ስም ላለውም፣ ምንም ስም ለሌለውም አበድራለሁ ባይ ነው። አንዲት ግራጫ መኪና ወደድኩ። ወለዱን ሲነግረኝ ግን ራሴን አመመኝ፤ ምን አለፋሽ፣ አንድ መኪና ገዝቼ የሁለት መኪና ልከፍል ነው። ልነሣ ስል አድራሻዬን ኮምፒውተሩ ላይ እያየ፣ እዚህ ቤት የተመዘገበው ሰው ባለቤቴ መሆኑን ጠየቀኝ። ነው አልኩት። ፊቱ በራ። ባለቤቴ ወርቅ የሆነ ተበዳሪ እንደሆነ፣ አንድም ክፍያ አሳልፎ እንደማያውቅ፣ እሱ ከተስማማ ወለዱ ከግማሽ በታች እንደሚወርድ አወራልኝ። አሁን የት ነው ሲለኝ፣ እትዬ፣ ከአፌ የወጣው ሥራ ላይ ነው የሚል ሆነ።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እንዴት እንደሄደብኝ ታውቂያለሽ፤ ብየዳ ቤቱ ውስጥ መሣሪያውን እንደያዘ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ። ያንን የብየዳ መሣሪያ በብድር ነበር የገዛው። አባታችን ዕዳ ይዞ አፈር የገባ አያርፍም ሲል ሰምተን ያደግን ነንና፣ ከደሞዜ እየቆነጠርኩ በየወሩ በእሱ ስም ከፈልኩ። መሞቱን ለአበዳሪዎቹ አልነገርኩም። ለምን ብትዪኝ፣ ቃሏን ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ ነው፤ ለአንቺስ ቢሆን የነገረችሽ ጓደኛዬ አይደለችም? ክፍያው ሲያልቅ እፎይ፣ አሁን አረፈ ብዬ ነበር። ለካ እኔ በከፈልኩ ቁጥር ሲከበር የኖረው የእሱ ስም ነው። አፈር የገባው ባሌ አንደኛ ተበዳሪ ሆኖ፣ ቆሜ የምሄደው እኔ የለሁም።

በማግስቱ መሳቢያ ውስጥ ያለው የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። አልዘጋሁትም ነበር፤ ድምፁ የተቀዳበት ነገር ስላለ በየጊዜው ቻርጅ አደርገዋለሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ትንሿ መጫወቻዋን ጥላ በሩን ታያለች፤ ማን እንደሚገባ አትናገርም፣ እኔም አልጠይቃትም። መልእክቱን የላከው ማር ምላስ ነው። በስሙ እየጠራ፣ ክቡር ደንበኛችን ብሎ፣ ብድሩ ስለተፈቀደልዎት ከተስማሙ አዎ ብለው ይመልሱ ይላል። አንዲት ቃል! ዓይኔን በጨው አጥቤ ልጽፋት ነበር። የምከፍለው እኔ፣ የምነዳው እኔ፣ ማን ይጎዳል ብዬ። ጣቴ ፊደሉ ላይ እንዳለ ግን ቆሌዬ ተገፈፈ። ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ያቺ ሊቆጣ ሲል የሚጠርጋት። ዞር ስል ልጄ አሁንም በሩን እያየች ነው። አዎ ብል በየወሩ ይጠሩታል፣ በየወሩም እሷ በሩን ታያለች። ደግሞ አልደብቅሽም፣ ቀናሁበት፤ ሞተህም ትበልጠኛለህ ወይ ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጓደኛዬ ሁኔታዬን አይታ፣ ሠራተኞች የመሠረቱት የቁጠባና ብድር ማኅበር ይዛኝ ሄደች። እዚያ ያገኘኋቸው ሴትዮ ባለትዳር ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ ሞቷል አልኳቸው። እትዬ፣ ወጣች! በቀብሩ ቀን እንኳ ያላልኳት ቃል በሰው ቢሮ ወጣች። የከፈልኩትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከማዘን ይልቅ ተቆጡኝ፤ በገዛ ላቤ የሰው ስም ሳሳምር መኖሬ አንገበገባቸው። ክፍያው ከእኔ ደሞዝ ላይ እየወጣ መሄዱን ባንኩን አስጽፌ እንዳመጣ አዘዙኝና እሱኑ የእኔ አድርገው ቆጠሩልኝ። ወለዱ ለባሌ ከተፈቀደው ይበልጣል፣ ማር ምላስ ለእኔ ካለው ግን በብዙ ያንሳል። ቅድሚያ ክፍያው ስለከበደኝ የብየዳ መሣሪያውን ሸጥኩት። ግራጫዋ ቀርታ በሯ የተጨረማመተ አሮጌ መኪና ገዛሁ፤ ትነሣለች፣ ትቆማለች፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሥራዬም ቀጠለ።

የድሮዎቹ አበዳሪዎች ዘንድም ሄጄ መሞቱን አስመዘገብኩ። ያስተናገደኝ ልጅ ይቅርታ እያለ ስሙን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጮኽም። የሚገላግለኝ መስሎኝ ነበር፤ ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። ትንሿ መጫወቻዋን ይዛ ትጫወታለች፣ በሩን የማየው እኔ ሆኛለሁ። ሥራ ሲበዛ ይለቀኝ ይሆናል።

ጋሼን፣ ሳሉ የሚለቅህ አንተ ሲጋራውን ስትለቅ ነው ብላለች በይልኝ። መንትያ ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ታላቂቱም በትምህርቷ ትበርታ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬ ይድረስ።

እማዬን በተመለከተ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። እስከ ዛሬ ልቧ ደካማ ነው ብለን፣ እኔ በየደብዳቤዬ ግርጌ እሱም ጉልበትሽን ይስማል እያልኩ ስጽፍ፣ አንቺም ድምፅሽን አሳምረሽ ስታነቢላት፣ እሷም ዕድሜ ይስጠው እያለች ስትመርቀው ኖረናል። ዛሬ ሰላምታውን ብትፈልጊ አታገኚውም። አጠገቧ ተቀመጪ፣ እጇን ያዢ፣ ንገሪያት። ስታለቅስ ዝም በይ አትበያት። ስሙን ጮክ ብላ ትጥራው፤ እዚህ የሚጠራው ሰው ጠፍቷል።

የምትወድሽ ታናሽሽ
ከኪራይ ቤቴ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
እሑድ፣ ጥቅምት 12 ቀን