ጫማ እንዳልሰፋ ሽማግሌ ለላኩብኝ ሹም

ሐምሌ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ አካለ ወልድ፣ ለከተማችን ሹም

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከነቤተሰብዎ፣ ከነበቅሎዎም ጭምር ክረምቱን በደኅና እንዲያሳልፉ እመኛለሁ። እኔ አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የንግድ ሥራ ትምህርቴን ዘንድሮ ጨርሼ የተመለስሁት እንዳላማው አድማሴ ነኝ። የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው፤ ቅሬታ የሚመስል ነገር ካገኙበት የብዕሬ ጥፋት ነው።

፩ኛ፤ አምና ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ሁላችንም የመንግሥት ወንበር ብቻ እንደምናይ፣ የራሱን ሥራ የሚጀምር ወንድ እንደጠፋ ተቆጥተው ሲነግሩን ከፊት ተቀምጬ ነበር። ቃልዎን ከመምህሮቼ ቃል አስበልጬ ያዝሁ። ምነው ያን ዕለት አሞኝ በቀረሁ!

፪ኛ፤ በቃልዎ መሠረት ቆዳ እያለፋሁ ጫማና ኮርቻ የምሠራበት ቤት ልክፈት ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። እርስዎም አልከለከሉኝም፤ ሽማግሌ ላኩብኝ እንጂ። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ልጃገረድ ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ነበር፤ ጫማ አትስፋ ብሎ ለመለመን ሲላክ ግን በእኔ መጀመሩ ትልቅ ክብር ነው። ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ በዝናብ መጥተው፣ እሺ ካላልሁ አንቀመጥም ብለው ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ቆሙ።

፫ኛ፤ የተማረ ልጅ እንደ ፋቂ ቆዳ ከነካ፣ የእጮኛዬ የየብርጓል አባት ልጃቸውን እንደማይሰጡኝ፣ ይህንም የመከሯቸው እርስዎ እንደሆኑ ሽማግሌዎቹ አስረዱኝ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ገበታ አይቀርቡም። ሙያውን ያስተማሩኝ ፋቂው አቶ ወልደ ሰንበት ግን ይህን ሰምተው ቆዳቸውን ማልፋት ቀጠሉ፤ ንቀቱን ለምደውታል።

አብረውኝ የተማሩት ደርቤና አስማማው፣ ደርቤ ሉማሜ ላይ ወፍጮ ሊተክል፣ አስማማው ሮብ ገበያ ላይ የበግ ጠጉር ምንጣፍ ሊያሠራ አስበው የእኔን መጨረሻ ይጠብቁ ነበር። አዩት። አሁን ሁለቱም ለጸሐፊነት አመልክተዋል። መምህሮቻችን የተማረ ወጣት ለምን የራሱን ሥራ መጀመር እንደማይሻ ይመራመራሉ፤ ምን አደከማቸው፣ እርስዎን መጠየቅ ነበር እንጂ! ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። በትሕትና ልሸፍነው ብሞክርም እየሾለከ አስቸገረኝ። የብርጓልን እወዳታለሁ፤ ሥራዬንም አልተውም።

ለእርስዎም ለወንበርዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በዝናብ የቆሙትን አባቶች በእርስዎ ስም ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቆዳ በነካው እጄ እጅ እነሣለሁ።

እንዳላማው አድማሴ

ተጨማሪ፤ ባለፈው ሰኞ አሽከርዎ ማንም ሳያየው በጓሮ በር ያስገባልኝ የበቅሎዎ ኮርቻ ተሰፍቶ አልቋል። ዋጋ አልጠይቅም። እነዚያኑ ሽማግሌዎች ወደ የብርጓል አባት ይላኩና የማንን ኮርቻ እንደሰፋሁ ይንገሩልኝ፤ ያን ጊዜ አስረክባለሁ። እስከዚያው ገበያተኛው ሁሉ እንዲያየው በቤቴ የፊት በር ላይ ሰቅዬዋለሁ።