በስንጥቁ ላይ አረንጓዴ ቀለም

ማክሰኞ

ሞተሩን አወረድነው። እግዚኦ ቆሻሻ! ከላይ የዶሮ ኩስ፣ ከሥር የደረቀ ግሪስ፣ መሐሉ ላይ የአይጥ ጎጆ። ይቺ መኪና የዱሮው ባለእርሻ ናት። ሰውዬው ሱዳን ከተሻገረ፣ እርሻውም የመንግሥት ከሆነ ወዲህ እዚህ ኮኪት፣ ከጋራዣችን ጓሮ ግራር ሥር ቆማ ቀርታለች። ሰው ሁሉ ረስቷት ነበር፤ ምነው እንደተረሳች በቀረች።

ያስታወሳት ጓድ ታደለ ነው፣ የእርሻችን ካድሬ። ሰኞ ከጎንደር አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ አለ። አሮጌ መኪና ይወዳሉ፣ ኮፈን ከፍተው ያያሉ። «ሞተሩ እንደ መስተዋት ያብለጭልጭ። የሰፊው ሕዝብ ንብረት እንዴት እንደሚያዝ ይዩ። ቅዳሜ እረከብሃለሁ» አለኝ። የሰኞ እንግዳ ለምን ቅዳሜ ያስቸኩላል ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። እሱን የሚጠይቅ የለም።

መካኒኩ ደስታ የደረሰበትን ያየ ሰው አይጠይቅም። ከእኔ በፊት የጋራዡ ኃላፊ እሱ ነበር። ሰሊጥ ማሳ መሐል የትራክተር ሞተር ነክሶ ቀጥ አለበት። ዘይት ጨርሶ ነው፣ ማንም መካኒክ ያውቀዋል። ካድሬዎቹ ግን አሻጥር ነው አሉ። ከምሳ ሲመለስ ጂፕ በሩ ላይ ጠበቀችው፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። የእኔም ሹመት እንዲህ ሆኖ የመጣ ነው።

ለነገ፦ ናፍጣ፣ ላምባ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ የሽቦ ብሩሽ (የኛው ፀጉሩ አልቋል)፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጨርቅ። ቀለምስ ከየት ይመጣል?

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ማጠብ። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ፈታን፣ ፒስተኖቹን አወጣን፣ ባዶው የሞተር ቤት ብቻ ቀረ። መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሶዳ፣ ከዚያ በፈላ ውሃ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ብረቱን በባዶ እጅ ማን ይነካዋል! በጆንያ ጨርቅ እየያዝን አገላበጥነው። አብረውኝ የዋሉት ጋሽ ይመር ናቸው፣ በያጃችን። ከወሎ ለአንድ አጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ «ወባው ለመደኝ፣ ወዴት ልሂድ?» ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ በሽቦ ስፈገፍግ በግራ ጎኑ፣ ውሃ በሚዞርበት በኩል፣ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ጭረት ናት ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከመሠረተ ትምህርት ክፍል ጠመኔ አመጣሁና ፈጨሁ። መስመሯን በላምባ አራስኳት፣ ጥርግ አድርጌ አደረቅኳት፣ የጠመኔውን ዱቄት ነሰነስኩባት። ላምባው ከውስጥ ወጥቶ ዱቄቱን አጠየመው።

ስንጥቅ ነው።

ጋሽ ይመር አጎንብሰው አዩና ቀና አሉ። «እኔ አላየሁም። አንተም አላየህም። ቀባው።»

«ኋላ ቢፈላስ ጋሼ?»

«ቢፈላ ኋላ ነው። ዛሬ ብትናገር ግን ‘ማን ፈታው? አንተ። ማን ሰበረው? አንተ።’ ደስታን ረሳኸው እንዴ?»

ቤት ገብቼ እራቴን አልበላ ስል የሺ ፊቴን አይታ አወጣጣችኝ። ከሚስቴ መደበቅ አልችልበትም። «ነገ በጠዋት ሄደህ ንገረው» አለች። «ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢታወቅ ሆን ብለህ ሸፈንከው ነው የሚሉህ። ያን ጊዜ ማን ያምንሃል?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጣጣው እሱ ነው።

ሐሙስ

ነገርኩት።

ብቻውን መጣ፣ ያለ ሾፌር፣ ያለ ጠባቂ። ስንጥቁን አሳየሁት፤ የቆየ መሆኑን፣ ውስጡ ዝገት እንዳለው፣ የእኔ እጅ እንዳልነካው። ይጮኻል፣ ሽጉጡን ይነካል ብዬ ስጠብቅ ወደ ግቢው በር ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

«ይሄዳል ጓድ ታደለ፣ ግን ይፈላል።»

«እስከ የት ያደርሳል?»

«ካልቸኮሉበት፣ መንገድ ላይ እያቆሙ ካቀዘቀዙትና ውሃ ከጨመሩለት መተማ ዮሐንስ ድረስ ይሄዳል። በአንድ ትንፋሽ ከነዱት ግን ግማሽ መንገድ እንኳን አይደርስ።»

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።» ዋሸሁ።

«እንግዲያው ለማንም አትንገር። ድፈነውና ቀባው።» ሊሄድ ብሎ ተመለሰና «ልጅ አለህ?» አለኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እግዜር ያሳድግልህ።»

ጠረጴዛ እየደበደበ እግዜር የለም ያለን ሰው እኮ ነው! እንዲህ ያለ ምርቃት የሚሰጠው ሊወሰድ ለተቃረበ ሰው አይደለም? ከሰዓት በኋላ በግቢው በር መኪና ባለፈ ቁጥር መፍቻዬን አስቀምጬ አሻግሬ አያለሁ። የሺን «ነገርኩት፣ ደህና ነው» አልኳት እንጂ ምርቃቱን አልነገርኳትም።

ዓርብ

የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁ፤ ከዚያ አልፎ እንዳይረዝም። ጋሽ ይመር የእጣን ዛፍ ሙጫ አቅልጠው ከብረት ብናኝ ጋር ለወሱና በትኩሱ ጠቀጠቁበት። የቆላ ሾፌር ሁሉ ዘዴው ይሄ ነው። ሙጫው ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል። ሙቀት ሲበዛበት ግን ይላላል፣ አመሉ ነው።

ቀለም እንዳይገባባቸው የሞተሩን ቀዳዳዎች በበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፍኩ። ጓርኒሲዮን፣ ማጥበቂያው ወረቀት፣ የሚያርፍበትን ገጽ ሁሉ ቀለም እንዳይዘው ግሪስ ቀባሁት። ከዚያ የዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ቀለም። የተገኘው የትራክተር አረንጓዴ ብቻ ነው። ስስ አድርጌ አንድ ጊዜ፣ ሲደርቅ ሁለተኛ። የቀባሁት እኔ ሆኜ ስንጥቁ የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ። ቆንጆ ሆነ! ሥጋቴን ረስቼ ማፏጨት ጀመርኩ፤ ጋሽ ይመር «ሠርግ አለ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሳቃችን አልቆየም። ሰሊጥ ሊጭን የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር አብርሃ ጅራ ከተማ የነበረውን ካድሬ ወሰዱት ብሎ ለጋሽ ይመር ነገራቸው። ከስብሰባ መሐል አስነስተው ነው አሉ። ካድሬዎችም ይወሰዳሉ ማለት ነው? ካድሬውን እንዲህ ካደረጉት መካኒኩን ምን ሊሉት ነው?

ቅዳሜ

ገጠምነው። አስነሳሁት። አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለተኛ አስነጠሰ፣ ከዚያ ተነሣ! ድምፁ ለስላሳ ነው፣ እውነቴን ነው፣ የዛሬ ትራክተር እንዲህ አይዘፍንም። ቀለሙ ሲሞቅ ትንሽ ሸተተ። ጎኑን በመዳፌ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው፣ ጠብታ የለም።

ታደለ አመሻሽ ላይ መጣ፣ አሁንም ብቻውን። ኮፈኑን ከፍቼ አሳየሁት፤ ያን ሁሉ ማብለጭለጭ አላየውም። ቁልፉን ብቻ ተቀበለኝ። እንደገና ነገርኩት፣ እየቆሙ፣ እያቀዘቀዙ፣ ውሃ እየጨመሩ። «ገባኝ» ይላል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኋላ ጭኜለት ነበር። ሁለቱንም አውርዶ መሬት አስቀመጠ።

«ቦታ ይይዛል» አለኝ።

ለአንድ ሰው ቦታ ምን ያደርግለታል? ግራ ገባኝ። ግን ሄደ፣ ከእጄ ወጣ። ተመስገን አልኩ።

እሑድ

መኪናዋ የለችም። የታደለ ቤት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሚስቱ የለችም፣ ሁለቱ ልጆቹ የሉም።

ወይኔ! አሁን ገባኝ። እንግዳው ኮፈን ሊከፍት ሳይሆን እሱን ሊወስድ ነበር የሚመጣው፣ እሱም አውቋል። መኪናዋን ለመሸሻ ነው ያሠራኝ።

ከጠዋት ጀምሮ በደጃችን ሁለት ሚሊሻዎች ቆመዋል። ከቤት አትውጣ ብለውኛል። የሺ ልብሴን በነጠላ ቋጥራ በሩ ሥር አስቀምጣለች፣ ለእስር ይሁን ለመንገድ እሷም አታውቅም። ወደ ሱዳን እንሂድ እንዳልል በየት በኩል ነው የሚወጣው?

መጸለይ እንኳን ቸገረኝ። ይሻገር ብል፣ «ማን መኪና ጠግኖ ሰጠው?» ብለው ይመጡብኛል። ይያዝ ብል፣ በግርፋት ስሜን ይጠራል፤ ደግሞ ልጆቹ አሉ። አንዱ ገና ጡት አልጣለም። ልጄ «አባዬ ለምን ከቤት አትወጣም?» ስትለኝ «እሑድ እኮ ነው» አልኳት።

ሰኞ

እንግዳው ገቡ። አጭር ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው። እኔንና ጋሽ ይመርን ወደ ቢሮ አስጠሩን።

እነታደለ ትናንት ጠዋት ድንበሩ፣ መተማ ሳይደርሱ ተይዘዋል። ሳይቆም ነው የነዳው፤ ማን ሸሽቶ ይቆማል? ሞተሩ ፈልቶ መንገድ ላይ ቀጥ ብሏል። ወታደሮቹ ሲደርሱ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ ነበር አሉ። ለልጆቹ መጠጫ የያዙትን ውሃ እንኳን ራዲያተሩ ውስጥ ጨምረውት ነበር።

«ሞተሩ ስንጥቅ አለው» አሉ እንግዳው። «ቀለም ተቀብቶበታል። ታውቅ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ጋሽ ይመር ቀደሙኝ።

«ያውቃል እንጂ ጌታዬ! ሰውዬው ነገር እንዳለው ገብቶት ነው። ሩቅ እንዳይሄድ ብሎ እንዲያ አድርጎ ሸፍኖ ሰጠው። ያን ዕለት ለእኔ ነግሮኛል።»

ጋሽ ይመርን አየኋቸው። አላዩኝም። እንግዳው ፈገግ አሉና ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። «ንቁ መካኒክ» አሉኝ። ነገ ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል፣ እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ አብዮቱን የከዳን ሰው እንዴት እንዳጠመድኩ አስረዳለሁ። ሚሊሻዎቹ ከደጄ ተነሡ። አንደኛው እንደውም ሰላምታ ሰጠኝ።

ስወጣ ታደለ እጁን ታስሮ ጂፕ ላይ ተቀምጧል። በአጠገቡ ማለፍ ነበረብኝ። ይሰድበኛል፣ «አብሮኝ ነው» ይላል ብዬ ፈራሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ውሃው አነሰን» ብቻ አለኝ። እንደ ደንበኛ። ነግረኸኝ ነበር እንደማለት። ሰው እያየኝ ነው፤ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ሚስቱና ልጆቹ የት እንዳሉ አልጠየቅኩም። ማንም አልጠየቀም።

የሺ ስነግራት መሬት ስማ አለቀሰች፣ ከደስታ። ጋሽ ይመርን ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔም ዳንኩ እላለሁ፣ እውነትም ድኛለሁ፤ እራት በልቻለሁ፣ ልጄን አቅፌ አስተኝቻለሁ። ለታደለ የሞተሩን ሐቅ ነበር የነገርኩት፣ አንድም ሳላስቀር። ነገ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «አውቄ ነው ያጠመድኩት» በል ተብያለሁ። የሺ ለመድረኩ ነጩን ሸሚዜን እየተኮሰችልኝ ነው።

እላለሁ።